መድኃኒት የለመዱ ጀርሞችና የወንዝ ውሃ፦ ጠይቁኝ

የውሃ ናሙና መመርመር የዘወትር ሥራዬ ነው። መድኃኒት የለመዱ የምላቸው፣ ይገድላቸው የነበረውን መድኃኒት የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎችን ነው። መድኃኒቱ ወንዝ ሲገባ ሌሎቹ ሲሞቱ እነሱ ተርፈው ይበዛሉ። የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ወንዝ ውስጥ መድኃኒት ማን ይጨምራል?

መልስ፦ እኛው። የዋጥነው አሞክሳሲሊን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ከዚያ ቦይ፣ ከዚያ ወንዝ። ለከብትና ለዶሮ የሚሰጠው፣ የሆስፒታል ፍሳሹም አለ። የፋብሪካው ግን ይብሳል። በህንድ ሃይደራባድ አቅራቢያ የመድኃኒት ፋብሪካዎችን ፍሳሽ የሚያጣራ ጣቢያ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከጣቢያው በሚወጣው ውሃ፣ በአንድ ሊትር እስከ 31 ሚሊ ግራም ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት) አገኘ። ሲፕሮ የሚወስድ በሽተኛ ደም ውስጥ እንኳ ይህን ያህል የለም። ያውም ተጣርቶ!

ጥያቄ፦ የወንዝ ውሃ አልጠጣም። ምን አገባኝ?

መልስ፦ ሰላጣ ትበላለህ? በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። ከወንዙ በተወሰዱ ናሙናዎች መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። ደግሞ ጀርሞች መድኃኒት የሚቋቋሙበትን ጂን ይቀባበላሉ፤ ፋይል በፍላሽ ገልብጦ እንደመስጠት ነው። ማንንም የማያሳምም የወንዝ ባክቴሪያ ለበሽታ አምጪው ሊያቀብል ይችላል። ያኔ ሐኪሙ ያዘዘልህ አይሠራም።

ጥያቄ፦ እስከ መግደል ይደርሳል?

መልስ፦ አዎ። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው በቀጥታ በዚሁ ምክንያት እንደሞተ ተገምቷል። ከውሃ ብቻ የመጣ አይደለም።

ጥያቄ፦ ውሃውን ባፈላውስ? ጠንካራ ጀርም ነው ሲሉ ሰምቼ ነው።

መልስ፦ የለመዱት መድኃኒት እንጂ እሳት አይደለም። ይሞታሉ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋርም (የውሃ ማከሚያው ክሎሪን) በመመሪያው ልክ ከተጨመረ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላጣውን በአቼቶ ነው የምዘፈዝፈው። ይበቃል?

መልስ፦ ይቀንሳል እንጂ አይጨርስም። እኔ ቤት ጎመኑ ይቀቀላል፤ ከየት እንደመጣ ያላወቅኩትን ሰላጣ ግን አልገዛም። ባለቤቴ «በዛ!» ትለኛለች።

ጥያቄ፦ ሲሻለኝ የተውኩት ሲፕሮ አለኝ። ሽንት ቤት ልድፋው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ፋርማሲው ከተቀበለሽ መልሺለት። ካልሆነ ከቡና አተላ ጋር ደባልቀሽ፣ በፌስታል ጥብቅ አድርገሽ አስረሽ ከቆሻሻ ጋር ጣይው። ሌላ ጊዜ ሲሻልሽ ከማቆምሽ በፊት ያዘዘልሽን ሐኪም ጠይቂ። የተረፈውንም ለጎረቤት እንዳትሰጪ።