ሥዕላችሁን ሳይደርቅ ይዛችሁ ኑ

ውድ ልጆቼ፣

ሰኔ ገባ። ይህን ስጽፍላችሁ እንጦጦ በደመና ተሸፍኖ አይታይም። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ከእናንተ መካከል እርሳስና ብሩሽ የያዘ ሁሉ «ዘንድሮ ክረምቱን እሠራበታለሁ» ብሎ ለራሱ ቃል እየገባ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይህንኑ ቃል እገባ ነበር።

ከአርባ ዓመት በላይ ሥዕል ስሠራና ሳስተምር ኖሬያለሁ። ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ክረምቱን ብቻችሁን አትሳሉ። አራት አምስት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙ። ስትገናኙም ያለቀውን ሳይሆን ያላለቀውን ይዛችሁ ኑ። ቀለሙ ገና እጅ የሚያቆሽሸውን።

ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያ የግል ኤግዚቢሽኔን ሳዘጋጅ ሁለት ዓመት ሙሉ በሬን ዘግቼ ሠራሁ። ለማንም አላሳየሁም። ሰው ካየው ሐሳቤ ይበላሻል ብዬ እፈራ ነበር። ሃያ ሁለት ሥዕሎች ጨረስኩ፣ ፍሬም አስገባሁ፣ ተሰቀሉ። በመክፈቻው ዕለት አዳራሹ መሐል ቆሜ ዙሪያውን ስመለከት ነው የገባኝ። በሃያ ሁለቱም ላይ ሰው የቆመው በግራ በኩል ነው። በሃያ ሁለቱም ላይ ቀኙ ባዶ ነው። መሬቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሥዕል ስደጋግም ኖሬያለሁ። እንግዶቹ እየመጡ «እንኳን ደስ አለህ» ይሉኛል፤ እኔ መግቢያ መውጫው ጠፍቶኛል።

በማግሥቱ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ መጣ። ሁሉም አንድ መሆናቸውን ነገርኩት። «እኔማ እንደገባሁ አይቼዋለሁ» አለኝ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «መቼ አሳየኸኝ? እኔ ያየሁት ተሰቅሎ ነው» አለኝ።

ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ያው ጓደኛዬ በሚቀጥለው ክረምት ጉለሌ ግቢው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ባዶ አደረገና ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መገናኘት ጀመርን። መጀመሪያ ሦስት ነበርን። አሁን አሥር እንሆናለን። ጡረታ የወጣ አስተማሪ አለ፣ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፈ ልጆቹን ያሳደገ ሰው አለ፣ ነርስ አለች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ከሰኔ መጨረሻ እስከ እንቁጣጣሽ አይቋረጥም። ሻይ ይፈላል፣ ቆሎ ይቀርባል፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ መንገድ ዳር ከሚጠበሰው በቆሎ የሚገዛ አይጠፋም። ሌላ ድግስ የለም።

አሠራራችን ቀላል ነው። ሥዕሉ ወንበር ላይ ይቆማል። ባለቤቱ ለአሥር ደቂቃ ያህል አይናገርም። «እዚህ ጋ ማለት የፈለግኩት» ብሎ ማስረዳት የለም። ሌሎቹ ደግሞ ፍርድ አይሰጡም፤ ያዩትን ብቻ ይናገራሉ። «ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደዚህ ነው።» «እዚህ ጋ ተደናቀፍኩ።» «ይህ ሰው የቆመ ነው የተቀመጠ?» እንዲህ ብቻ።

ይህን የመረጥነው በይሉኝታ ምክንያት ነው። ቤቱ ጠርቶ ሻይ ያጠጣህን ሰው «ሥዕልህ አልሆነም» ማለት ለማናችንም ይከብዳል። ስለዚህ «ቆንጆ ነው»፣ «እጅህ ይባረክ»፣ «በርታ» እንልና እንለያያለን። ባለ ሥዕሉም ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ሥዕሉ ግን እዚያው ነው። «ዓይኔ የሄደው ወደዚህ ነው» ማለት ግን ማንንም አያስቀይምም። ሰው ስለ ራሱ ዓይን ነው የሚናገረው። ባለቤቱም ዓይናችን እሱ ካሰበው ቦታ ሌላ ጋ እንደሄደ ሲሰማ ችግሩን ራሱ ያገኘዋል።

ያላለቀ ሥዕል አምጡ የምላችሁም ለዚሁ ነው። ያለቀ ሥዕል ፊት ሁላችንም እንዋሻለን። ፍሬም ከገባ በኋላ እውነቱን መናገር ምን ይጠቅማል? እርጥብ ከሆነ ግን ገና ይፋቃል፣ ይሸፈናል፣ ይለወጣል። እውነት የሚነገረው የሚጠቅምበት ጊዜ ሲኖር ነው።

ነርሷ አንድ ቅዳሜ የሆስፒታል ኮሪደር ሥላ መጣች። ከሌሊት ተረኛነት በቀጥታ ነበር የመጣችው። «ልጥለው ነው፤ መጣያ ስላጣሁ ነው ያመጣሁት» አለች። ሥዕሉ በሰው የተጨናነቀ ነበር። ዝም ብለን እያየን ሳለ አንዱ ተማሪ ከታች በስተቀኝ ያለችውን ጥግ አሳየ። ባዶ ወንበር ናት፤ ነጠላ ተጥሎባታል። «እኔ ከዚህች ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም» አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያቺን ወንበር ብቻ በትልቅ ሸራ ሠርታ መጣች። ከዚያ ቀን በኋላ የሠራችው ሁሉ ከዚያች ወንበር የተወለደ ነው። ኮሪደሩን ብቻዋን ሆና ጥላው ቢሆን ኖሮ ጥጓንም አብራ ትጥላት ነበር።

የሰርቪስ ቤቷ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድበት ማንም ማንንም አይሰማም። ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ መጮህ አለብን። መጀመሪያ ያናድደን ነበር። በኋላ ግን ቅዳሜያችን ውስጥ በጣም የምወደው ሰዓት ሆነ። ዝናቡ እስኪያባራ ሥዕሉን ዝም ብሎ ማየት ብቻ ነው ያለው። ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት። እናንተ አንድን ሥዕል ግማሽ ሰዓት ሙሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሞክሩት። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ይሰለቻችኋል። አሥራ አምስተኛው ላይ መጀመሪያ ያላያችሁትን ማየት ትጀምራላችሁ። ዝናቡ ሲቆም የሚነገረው ነገር ከመዝነቡ በፊት ሊነገር ከነበረው ሁልጊዜ ይሻላል።

ስልክ ላይ እኮ እንላላካለን ትሉኝ ይሆናል። ተላላኩ፤ አልከለክልም። ነገር ግን ስልክ ላይ ሁሉም ሥዕል እኩል መዳፍ ያህል ነው። ሁለት ሜትር የሆነውም፣ ፖስታ ካርድ የሚያህለውም። የቀለሙ ውፍረት አይታይም። ግራጫው ትክክለኛው ግራጫ አይደለም። ቢያንስ በሳምንት አንዴ ሥዕሉ ራሱ ባለበት ክፍል ውስጥ ሁኑ።

እዚህ ላይ ስለ ክረምት ሥራ የማውቀውን ልንገራችሁ። የክረምት ብርሃን ለሠዓሊ ጥሩ ነው። በበጋ የአዲስ አበባ ፀሐይ ጥላና ብርሃኑን በቢላ የተቆረጠ ያስመስለዋል። በክረምት ደመናው ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፤ ጥላው ስስ ይሆናል፤ በአንድ ቀለም ውስጥ ያሉት ደረጃዎች ይታያሉ። አረንጓዴውን ደግሞ እዩት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የግቢው ሣር ወደ ቢጫ። አረንጓዴ ከቱቦ ጨምቃችሁ አትቀቡ። ቢጫ ኦከርን ከጥቁር ጋር ቀላቅሉና ምን እንደሚወጣ እዩ፤ የረጠበ የእንጦጦ ዛፍ ነው የሚወጣው። ለደመናው አልትራማሪን ሰማያዊን በርንት ሲየና ከሚባለው ቀይ ቡናማ ጋር ሞክሩ። ከጥቁርና ነጭ የተሠራ ግራጫ እንዲህ ሕይወት የለውም።

የዘይት ቀለም በክረምት ያዘገያችኋል። ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም የሚደርቀው። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው፤ ብርድና እርጥበት ያዘገዩታል። ስለዚህ መጀመሪያ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ዘይት የበዛበትን ከላይ አድርጉ። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። አምበር የሚባለው ቡናማ ቀለም ቶሎ ይደርቃል፤ ቲታኒየም ነጭ ይዘገያል። ሸራችሁን ከእርጥብ ግድግዳ ጋር አጣብቃችሁ አታስቀምጡ፤ ጀርባው ይሻግታል። እርጥብ ሥዕል ይዞ ታክሲ ለመሳፈር ደግሞ እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ሸራዎች ፊት ለፊት አድርጉ፤ አራቱ ማዕዘኖች ላይ ቡሽ ጣልቃ አስገቡና እሰሯቸው። ከላይ ፌስታል አልብሷቸው።

አንድ ነገር ግን በብርቱ አደራ እላችኋለሁ። ቀለሙ ይድረቅልኝ፣ ክፍሉም ይሙቅልኝ ብላችሁ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ። ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። እንደ አኳራጅና ተርፐንታይን ያለ የቀለም ማቅጠኛ ባለበት ክፍል ደግሞ እሳትም አደጋ ነው። ቢበርዳችሁ ጋቢ ደርቡ። ሥዕሉ ይዘግይ።

ገንዘብ የለኝም የምትሉም አላችሁ። እኛም አልነበረንም። አቡጀዲ ግዙ፣ እንጨት ላይ ወጥሩት፣ በቪናቪል ሙጫና በነጭ ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡት። በዚህ ሸራ ላይ ትልልቅ ሥራ ተሠርቷል። አቡጀዲም ከጠፋ ከሰልና ወረቀት ይበቃል። በእኛ ተማሪነት በደርግ ዘመን ነሐሴ ሙሉ ለአብዮት በዓል የማርክስን፣ የኤንግልስንና የሌኒንን ምስል በትልቅ ጨርቅ ላይ ስንሥል እንከርም ነበር። ምን እንደምንሥል መርጠን አልነበረም። ነገር ግን አንዱ ካሬ ሲያሰምር፣ ሌላው ሲነድፍ፣ ሦስተኛው ቀለም ሲሞላ ከአስተማሪዎቻችን እኩል እርስ በርሳችን ተማማርን።

ተሰብስባችሁ መሳል ብቻ ሳይሆን ተሰብስባችሁ ሄዳችሁ እዩ። ስድስት ኪሎ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ። ገብረ ክርስቶስ ገጣሚም ሠዓሊም ነበር። ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ እዚህ አስተማረ፣ የተለመደውን ሳይሆን የራሱን ሠራ፣ በስደት አሜሪካ አረፈ። ሥራዎቹ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። አንድ የዝናብ ቀን ሰብሰብ ብላችሁ ሂዱና ከአንዱ ሥራው ፊት ግማሽ ሰዓት ቁሙ። በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችንን ያቋቋመው ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላምም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የወጣ፣ ቺካጎ የተማረ ሰው ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በስሙ ይጠራል። እዚያው ቺካጎ ሆኖ ለራሱ ብቻ መሳል ይችል ነበር። ተመልሶ ሌሎች አንድ ላይ የሚሠሩበት ክፍል ከፈተ። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል።

የሚባለውን ሁሉ ግን አትቀበሉ። አንድ ጊዜ ቀይ ጃንጥላ የያዘች ልጅ ሥዬ «ቀዩ ጮኸ» ስላሉኝ እዚያው ጨርቅ አንስቼ ጠረግኩት። እስከ አሁን ይቆጨኛል። የሰማችሁትን ይዛችሁ ቤት ሂዱ። ሳምንት አሳድሩት። ሳምንት ቆይቶም እውነት ከመሰላችሁ ንኩት።

ሴቶች ልጆች ካሉ ስብሰባው ሳይመሽ ያብቃ። ቤተሰብ እንዳይሰጋ የምትገናኙበትን ቤት አስቀድማችሁ አሳዩዋቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሁለት ሰው ይበቃል። የቀረውን ሰው ደውላችሁ ጠይቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው የሚያሳየው እንደሌለው የሚሰማው ነው። እንዲህ ላለው ልጅ «ባዶ እጅህን ና» በሉት።

እኔ እንኳን የመጀመሪያውን ስብስቤን ያገኘሁት በሰባት ዓመቴ ነው፤ ያኔ ስብስብ መሆኑን አላወቅኩም እንጂ። ነሐሴ ሲገባደድ የሰፈር ልጆች በረንዳ ላይ ተኮልኩለን የእንቁጣጣሽ ሥዕል እናዘጋጅ ነበር። መልአክ፣ ፀሐይ፣ አደይ አበባ። አንድ ቀይ ከለር ለስድስት ልጅ። «የአንተ መልአክ ክንፉ ትንሽ ነው» ይለኛል ጎኔ ያለው፤ ይሉኝታ ገና አልያዘውም። እውነቱን ነው፤ ክንፉን አሳድገዋለሁ።

ባለፈው ጳጉሜ የመጨረሻ ቅዳሜያችንን ተቀምጠን ሳለ በሩ ተንኳኳ። ዝናቡ ገና አባርቶ ነበር። አንድ ትንሽ ልጅ ነው፤ የእንቁጣጣሹን ሥዕል ቀደም ብሎ ይዞ መጥቷል። ሥዕሉን በሁለት እጁ ከደረቱ አርቆ ይዞታል። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

«ቀስ ብለው ይያዙት ጋሼ» አለኝ። «ገና አልደረቀም።»