«ኤን ኤልድሬ ማን» ከማን የሚበልጥ ሰው ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ለሰፈራችን ሐበሾች አንድ ማስታወቂያ ከስዊድንኛ ስተረጉም «ኤን ኤልድሬ ማን» የሚል አጋጠመኝ። «በዕድሜ የሚበልጥ ሰው» ብዬ ጻፍኩት። ባለቤቴ አንብባ «ከማን የሚበልጥ?» አለችኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። አማርኛ «የሚበልጥ» ሲል «ከእገሌ» ወይም «እገሌን» ይፈልጋል። ያለዚያ ዐረፍተ ነገሩ አንድ እግሩ ይጎድላል።

«ማን» በስዊድንኛ ወንድ ሰው ነው፤ «ኤልድሬ» ደግሞ የ«ጋማል» ማበላለጫ ነው። «ጋማል» ለሰውም ለዕቃም ያረጀ ማለት ነው። «አልማዝ ኤር ኤልድሬ ኤን ከበደ» ሲባል ችግር የለም፤ አልማዝ ከበደን በዕድሜ ትበልጠዋለች። እዚህ ላይ «ኤን» የእኛ «ከ» ነው። የእርስዎ «ኤን» ግን ሌላ ነው፤ «አንድ» ማለት ነው። በስዊድንኛ ጽሕፈት በአንድ ፊደል ይለያያሉ (än እና en)፣ ለጆሮ ግን አንድ ናቸው።

የሚወዳደረው ሰው ካልተጠቀሰ «ኤልድሬ» ማወዳደሩን ይተውና መጠን ይናገራል። እንዲያውም «ኤልድሬ» የተባለው ሰው «ጋማል» ከተባለው ያንሳል! በዓመት የተቆረጠ ድንበር የለውም፤ ግን አንዱ የ65፣ ሌላው የ90 ዓመት ሰው ቢሆኑ «ጋማል» የሚባሉት የ90ው ናቸው። ቃሉ ጨዋነትም አለው። ማዘጋጃ ቤቶቹ የአረጋውያን እንክብካቤን «ኤልድሬኦምሶርይ» የሚሉት ለዚህ ነው። እዚያ ውስጥ የ90 ዓመቱም አሉበት።

ደስ የሚለኝ፣ አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ መንገድ አለው። «ረጅም» እና «ረዘም ያለ» አንድ አይደሉም። «ረዘም ያለ» ወደ ረጅም ያደላ ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልደረሰም። «ትልቅ» እና «ተለቅ ያለ»ም እንደዚያው። ስዊድኖች «ኤን ሌንግሬ ቲድ» ሲሉ ቃል በቃል «የሚረዝም ጊዜ» ይመስላል። ትርጉሙ ግን «ረዘም ያለ ጊዜ» ነው፣ አለቀ። «ኤት ኤልድሬ ሁስ»ም «ቆየት ያለ ቤት» ነው። ሁለት ዝምድና የሌላቸው ቋንቋዎች እዚህ ላይ እንዲህ መገጣጠማቸው ሁሌም ይገርመኛል።

ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ «ሸምገል ያሉ ሰው» ይበሉ። ሌላ ጊዜ የሚጠቀሱት ሴት ከሆኑ ግን «ሸምገል» አይሄድም፤ «አሮጊት» ደግሞ ያስቀይማል። «በዕድሜ ጠና ያሉ እናት» ቢሉ ይሻላል።