ፈረስን በአጣና ላይ ማራመድ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ባለፈው ጊዜ ፈረስን መሬት ላይ በተጋደመ አጣና ላይ ስለማራመድ ሁለት መስመር ብቻ ጽፌ ነበር። ከጅማና ከዙሪያዋ የመጡት ጥያቄዎች ግን ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልጉ የዛሬውን ዓምድ ለእነሱ ትቼዋለሁ። ነገሩ ካቫሌቲ ይባላል። ቃሉ ጣሊያንኛ ሲሆን «ትንንሽ ፈረሶች» እንደማለት ነው። በሁለት ጫፉ በመስቀለኛ እግር ላይ የተቀመጠ ዝቅተኛ አጣና ነው። ሲወራ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው የጣሊያኑ ፈረሰኛ መኮንን ፌዴሪኮ ካፕሪሊ (1868–1907 እ.ኤ.አ.) ነው። ፈረሱ አይዘልበትም፤ እግሩን አይቶ፣ አንስቶ፣ ቆጥሮ ያልፍበታል።

«ምን ዓይነት እንጨት ልግዛ? አናጺስ የግድ ነው?» (ከቆጪ)

አናጺ አያስፈልግዎትም፤ መጋዝ፣ መሰርሰሪያና አንድ ቅዳሜ ይበቃል። የሚገዙት የባሕር ዛፍ አጣና ውፍረቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2.5 ሜትር አካባቢ ይሁን። ማገር ርካሽ ነው ብለው እንዳይወስዱ፤ ሲረገጥ ይሰበራል፣ ስንጥሩም እግር ይወጋል። ቅርፊቱን ልጠው ጥላ ውስጥ ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ የተጣለ ባሕር ዛፍ ይጣመማል። የቅርንጫፍ ጉጦቹን በመላጊያ ያስተካክሉ፣ የተቆረጡትን ጫፎች ደግሞ ያድበልብሏቸው።

ለእግሩ 70 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ሁለት ጣውላዎችን በመስቀለኛ ያጣምሩ። መጋጠሚያው ልክ መሐሉ ላይ ሳይሆን ትንሽ ወጣ ብሎ ይሁን፤ አጣናውን በአንዱ ማዕዘን ላይ በብሎን ያጥብቁት። እግሩን ሲያገላብጡት ከፍታው ይለዋወጥልዎታል። ዝቅተኛው 10፣ ከፍተኛው 30 ሳንቲ ሜትር ቢደርስ ለእኛ ፈረስ ከበቂ በላይ ነው። ብሎኑ የወጣ ራስ አይኑረው፤ እንጨቱን ጎድጎድ አድርገው ይቅበሩት። ምስማር ውሎ አድሮ ስለሚወጣ አልመክርም።

«ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ብቀባውስ?» (ከዚያው ጠያቂ)

እባክዎ አይቀቡት። ለአጥር ቋሚ ብንለምደውም ፈረስ እንጨት ይልሳል፣ ይግጣል፤ በዚያ ዘይት ውስጥ ደግሞ ከሞተሩ የተፋቀ ብረት አለ። ነጭና ቀይ ቀለም ተራ በተራ ይቀቡት፣ ፈረሱም ከሩቅ ያየዋል። ማታ ማታ ከመሬት አንስቶ ድንጋይ ላይ መደርደር ከማንኛውም ቅብ የተሻለ ከምስጥ ያድነዋል።

«እግር ሳልሠራለት አጣናውን እንዲሁ መሬት ላይ ባጋድመው ምን አለበት?» (ከማና)

መጀመርማ ያለበት እንደዚያ ነው። ብቻ እንዳይንከባለል። እኔ ይህን የተማርኩት በዳማ ባዝራዬ እግር ነው። ክብ አጣና ሜዳ ላይ ጥዬ ሳራምዳት የኋላ እግሯ ከላዩ አረፈ፤ አጣናው ተሽከረከረ፤ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ሁለት ወር ቆመች። ዛሬም አጣና ሳጋድም መጀመሪያ በራሴ እግር ገፍቼ አየዋለሁ። በሁለቱም ጫፍ አፈር ቆፈር አድርገው ያስቀምጡት፣ ወይም አንዱን ጎኑን በመጥረቢያ ጠፍጣፋ ያድርጉት።

በመጀመሪያው ቀን አንድ አጣና ብቻ ያድርጉ። ሲለምደው ወደ ሦስት ይሂዱ፤ ሁለት ላይ አይቁሙ። ሁለት አጣና ያየ ፈረስ አንድ ላይ ሊዘላቸው ይቃጣል፤ ሦስት ሲያይ ግን መራመድ እንዳለበት ይገባዋል።

«በአጣናዎቹ መካከል ስንት ይራቅ? እህቴ አሜሪካ ሚኒ ሆርስ የሚሏቸውን ትንንሽ ፈረሶች ታረባለች፤ እሷ የላከችልኝ ቁጥር ለእኔ ፈረስ አልሆነም።» (ከሰርቦ)

እንዴት ይሆናል፣ እህቴ! አሜሪካ ውስጥ ካሉት ሁለት ትልልቅ መዝገቦች አንዱ ሚኒ ሆርስ ብሎ የሚመዘግበው ቁመቱ፣ ጋማው ጀርባው ላይ ከሚያልቅበት ቦታ ሲለካ፣ ከ86 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠውን ነው። ወገብዎ አካባቢ ይደርሳል ማለት ነው። የእኛዎቹ ያገር ፈረሶች፣ የከፋውም የሆሮውም፣ በውጭ መለኪያ ከ«ፖኒ» ወገን ቢሆኑም ከሚኒ ሆርስ እጅግ ይበልጣሉ። የእህትዎ ፈረሶች በእግር እርምጃ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሶምሶማ ከ75 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይበቃቸዋል። ለትልልቆቹ የአውሮፓ ፈረሶች ደግሞ 80 ሳንቲ ሜትርና 1.30 ሜትር ገደማ ይባላል። የእርስዎ ፈረስ በሁለቱ መካከል ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ይተዉትና ፈረሱን ይለኩት። ጠዋት ጤዛ ያረጠበው ወይም የተጠረገ አፈር ላይ በገመድ ይዘው በቀስታ ያራምዱት። የአንዱን እግር ኮቴ ያግኙ፤ ያው እግር እንደገና እስካረፈበት ድረስ በሜትር ይለኩ፤ ለሁለት ያካፍሉ። በእግር እርምጃ የአጣናዎ ርቀት እሱ ነው። ለሶምሶማ ሶምሶማ አስረግጠው እንደገና ይለኩ፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ፈረሱ በሁለት አጣና መካከል ተጨማሪ እርምጃ ከጣለ ሰፍቶበታል፤ አጣና ከመታ ወይም ከዘለለ አብዛኛውን ጊዜ ጠቦታል። አምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ያንቀሳቅሱና ደግመው ይዩ።

ለእህትዎ አንድ ነገር ያድርሱልኝ። ትንንሾቹ ፈረሶች የኋላ ጉልበታቸው ሎሚ ይቆለፍባቸዋል፤ እግሩ ወደ ኋላ ተዘርግቶ አልታጠፍ ይላል። ቀስ ያለ የአጣና ልምምድ የጭን ጡንቻን ስለሚያጠነክር ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው። ከፍታውም ከ15 ሳንቲ ሜትር አይለፍ።

«በቅሎዬ ሰጋር ናት። አጣናው ስግሪያዋን ያበላሽባት ይሆን?» (አንድ አባት ከሰቃ)

አባባ፣ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ያስደሰተኝ ይሄ ነው። ስጋትዎም ልክ ነው። ሰጋር በቅሎ የአንድ ወገን እግሮቿን አከታትላ ስለምታነሳ ጀርባዋ አይንጥም፤ ለዚህም ነው ሩቅ መንገደኛ ዋጋ የሚሰጣት። ሶምሶማ ግን የቀኝ ፊትን ከግራ ኋላ ጋር ያነሳል። የሶምሶማ ርቀት ተሰጥቶት የተደረደረ አጣና እንስሳዋን ወደዚያ ይገፋታል። በውጭ አገር ስግሪያ ያላቸውን ፈረሶች የሚያሠለጥኑ ሰዎች አካሄዱ ከመጠን በላይ ወደ አንድ ወገን ሲያደላባቸው ሆን ብለው በአጣና ላይ እያራመዱ ይሰብሩታል። እርስዎ እንዲሰበር አይፈልጉም። ስለዚህ በእግር እርምጃ ብቻ፣ ከሦስት አጣና ሳያልፉ፣ በሳምንት አንዴ ያራምዷት። እግሯን ማየት ትማራለች፣ ስግሪያዋም ይቆይልዎታል። መጀመሪያ ቀን ቆማ አጣናውን ብታሸት አይጎትቷት። በቅሎ አስባ ነው የምትረግጠው፤ ፋታ ይስጧት።

«የጋሪ ፈረሴ ይሰናከላል። በአጣና ይታረማል?» (ከመርካቶ አካባቢ)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሰኮናውን አንሳ። ጫፉ ረዝሞ ከሆነ የትኛውም አጣና አያርመውም፤ ይከርከም። ውስጡ ጠጠር እንዳለ፣ አንዱ እግር ከሌሎቹ ይሞቅ እንደሆነ በእጅህ ዳስስ። ቀጥሎ ደረቱንና ጫንቃውን እይ፤ ዕቃው የላጠው ፈረስ ከሕመሙ ሲሸሽ ይሰናከላል። ቁስል ካለ ጋሪውን አቁም። የዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው፤ ሐኪም ፍለጋ ሩቅ አትሄድም። ንጉሡን በፈረሱ ስም «አባ ጅፋር» ብሎ ይጠራ በነበረ አገር፣ ቀኑን ሙሉ የሚያበላን ፈረስ ቁስሉ ሳይታይ ሲውል ያመኛል።

ሰኮናውም ቆዳውም ደህና ከሆነ፣ አዎ፣ አጣናው ይረዳዋል። ግን ከሥራ መልስ አይሆንም፤ የደከመ ፈረስ እግሩን አያነሳም፣ የሚማረውም አጣና መምታት ነው። ባረፈበት ቀን አሥር ደቂቃ ሜዳ ላይ አሟሙቀው፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ በአጣና ላይ አራምደው። አንዴ ቢመታ ትምህርት ነው፤ ደጋግሞ ከመታ ደክሟል፣ እዚያው ይብቃው። አለንጋ ይዘህ አትግባ፤ የፈራ ፈረስ ጭንቅላቱን ሽቅብ ይሰቅላል፣ እኛ የምንፈልገው ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ እግሩን እንዲያይ ነው።

«ውርንጭላን ከስንት ዓመቱ?» (ከአጋሮ)

ዓመት ሲሞላው፣ በገመድ ይዘው፣ መሬት ላይ በተጋደመ አንድ አጣና በቀስታ ያሳልፉት። ከፍ ያለ አጣና፣ ዝላይና ሰው መጫን ይቆይ። የፊት ጉልበቱ አጥንት እድገቱን የሚጨርሰው ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ነው፤ አከርካሪው ከዚያም በጣም ይዘገያል።

«ክረምት ሲገባ ግቢዬ ጭቃ ነው። የቡና ገለፈት ባነጥፍበትስ?» (ከጅሬን ሥር)

ገለፈት በየመፈልፈያው ደጅ ተቆልሎ ስለምናየው ሐሳቡ ይመጣል። ግን አይሆንም። ፈረስ ያነጠፉለትን ይበላል፣ ገለፈቱ ደግሞ ካፌይን አለበት፤ የበላው ፈረስ ይቅበጠበጣል፣ ያልበዋል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል። ቀይ አፈራችን ሲርስ ያንሸራትታል፤ እግሩ የሸሸበት ፈረስ ደግሞ አጣናውን ይጠላል። ትንሽ ተዳፋት ቦታ መርጠው በዙሪያው ቦይ ይቅደዱ፣ ከወንዝ የመጣ አሸዋ አንድ ጋሪ ያህል ይበትኑበት። ዝናቡ በበረታበት ሳምንት አጣናዎቹን ጣሪያ ሥር ያስገቡና ፈረሱን በገመድ ይዘው በጠጠሩ መንገድ ላይ ዳገቱን በቀስታ ያውጡት፣ ያውርዱት። አጣናዎቹን ዝናቡ ጋብ ሲል ያወጧቸዋል፤ ከማውጣትዎ በፊት ግን ብሎኖቹን አንድ በአንድ ያጥብቁ።