የኮብልስቶኑ ብር ለሰልፍ ወጣ

ጥያቄ፦ ለሰፈራችን ኮብልስቶን በየቤቱ 2,000 ብር አዋጣን። የቀረውን ቀበሌው ይሸፍናል ተብሎ ነበር። ዓመት አለፈ፣ መንገዱ ያው ጭቃ ነው። በኋላ ስንሰማ ብሩ ለድጋፍ ሰልፍ ቲሸርትና ለአውቶቡስ ኪራይ ወጥቷል። ስንጠይቅ «ማንም ኪሱ አልከተተውም፣ እናንተ ፀረ ልማት ናችሁ» ተባልን። መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። «ኪሴ አልከተትኩትም» የምትለዋን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። በሕግ ፊት ግን ብዙም አታድንም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 በሥልጣን ያለአግባብ መገልገልን ሲከለክል፣ ጥቅሙ የግድ ለባለሥልጣኑ ለራሱ ይሁን አይልም። ለሌላ ያልተገባ ጥቅም ለማስገኘት አስቦ ያደረገውም ይጠየቅበታል። ሰልፉ ለፓርቲ ድጋፍ ከነበረ፣ በእኔ አመለካከት ፓርቲም «ሌላ» ነው። ባለሥልጣኑ ይህን አስቦ ማድረጉን በማስረጃ ማሳየት ግን ለዐቃቤ ሕግ ቀላል ሥራ አይደለም።

ቀጥሎ «የራሳችሁ መዋጮ እንጂ በጀት አይደለም» ይሏችሁ ይሆናል። እሱም አያዋጣቸውም። አዋጁ ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ አካላትንም ይይዛል። ዕድርን ግን ከዚህ ውጪ አድርጎታል። ስለዚህ ብሩን የተቀበለው ማን እንደሆነ ወሳኝ ነው። እስቲ ደረሰኝዎን ያውጡት። ሞዴል 64 ከሆነ ብሩን በመንግሥት ስም ተቀብለዋል ማለት ነው፣ ክርክሩ ይቀልላችኋል። ተራ ወረቀትም ከሆነ እንዳይጥሉት። ሰብሳቢው ዕድሩ ከነበረ ደግሞ መንገዱ በወንጀል ሕጉ ያለው እምነት ማጉደል ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። የወንጀሉን ክስ የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፣ እናንተ ጠቋሚና ምስክር ናችሁ። ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ፀረ ሙስና ኮሚሽን ይሮጣል። ኮሚሽኑ ጥቆማ ይቀበላል። የፌዴራሉ ግን ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ አይመረምርም፣ አይከስም። ምርመራው ወደ ፖሊስ ሄዷል። የክልል ነዋሪ ከሆናችሁ የክልላችሁ አሠራር ሊለይ ስለሚችል መጀመሪያ እዚያው ጠይቁ።

እኔ ብሆን ግን ፖሊስ ጋ ከመሄዴ በፊት ወረቀት እሰበስባለሁ። በወሬ ብቻ የሚከፈት መዝገብ ቶሎ ይዘጋል። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከቀበሌም ቢሆን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሂሳቡን የባንክ መግለጫ፣ ወጪውን የፈቀደውን ቃለ ጉባኤ፣ የቲሸርቱንና የአውቶቡሱን የክፍያ ሰነድ። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከከለከሏችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ እሱም እምቢ ካለ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በሉ።

ደብዳቤው ላይ «ሌባ» የሚል ቃል እንዳይገባ አደራ። እናንተው በስም ማጥፋት ተከሳሽ ልትሆኑ ትችላላችሁ። በሁለት ኮፒ አዘጋጁት፣ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ መዝገብ ቤቱ ማኅተምና ቀን ያስፍርበት። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ፖስታ ላኩት፣ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝም ከመዋጮው ደረሰኝ ጋር አስቀምጡ።