ሣር በሌለበት ውኃ ስዊም ጂግ ይሠራል ወይ?

ጥያቄ፦ የአዘዞ ነዋሪ ነኝ። በአሜሪካ ቴክሳስ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ ለጥምቀት ጎንደር በመጣበት ጊዜ ስዊም ጂግ የሚባሉ ስድስት የዓሣ ማጥመጃዎች ትቶልኝ ሄዷል። እርሱ ባስ የተባለውን ዓሣ የሚያጠምድበት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳርቻው ድንጋይና ጭቃ ብቻ ስለሆነ፣ ዕቃውን የሸጠለት ሰው «ይህ የተሠራው ለሣር ነው፤ እዚያ አይረባህም» እንዳለው አጫውቶኛል። እውነት ነውን? እኔስ ጎርጎራ ወርጄ ብሞክረው ያዋጣኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሻጩ የተናገረው ግማሽ እውነት ነው። ስዊም ጂግ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ የእርሳስ ራስ፣ የመንጠቆውን ጫፍ ከሣር የሚከልል የቀጫጭን ጭረቶች ችፍርግ፣ ዙሪያውን የሚርመሰመስ የሲሊከን ዘርፍ እና በመንጠቆው ላይ የሚሰካ፣ ጅራቱን የሚያወዛውዝ የጎማ ዓሣ አለው። ራሱና ጭረቶቹ በእርግጥም በሣር መካከል ሳይያዝ እንዲሾልክ የታሰቡ ናቸው። ባስ ግን የሚነክሰው ትንሽ ዓሣ በአጠገቡ ያለፈች ስለሚመስለው ነው፤ ትንሽ ዓሣ ደግሞ ሣር ባይኖርም ትዋኛለች።

በሰው ሠራሽ ሐይቆች ሣር የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ የውኃው ከፍታ በየወቅቱ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ወይም ውኃው ደፍርሶ ብርሃን ወደ ታች ስለማይደርስ ነው። ባስ በዋነኛነት አድፍጦ የሚያጠቃ ዓሣ በመሆኑ፣ ሣሩ ሲጠፋበት ያገኘውን ጥቂት መሸሸጊያ ይጠጋል፤ ሜዳ ላይ አንዲት ዋርካ ብቻ ስትኖር ከብቱ ሁሉ በቀትር ከሥሯ እንደሚሰበሰበው ማለት ነው። ስለዚህ ወንድምዎ የሚፈልገው የወደቀ ግንድ፣ የውኃ ውስጥ ጉቶ፣ የጀልባ መቆሚያ ምሰሶ፣ የድንጋይ ክምር፣ ወይም ዳርቻው በድንገት የሚጠልቅበትን ጠርዝ ነው። እንዲያውም መሸሸጊያው በበዛበት ውኃ ዓሣው የት እንዳለ መገመት ይከብዳል፤ እንዲህ ባለው ባዶ ውኃ ግን አድራሻው የታወቀ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉቶ ካገኘ በላዩ ላይ አይወርውር፤ ሁለት ሦስት ሜትር አሳልፎ ይጣለው፣ እየቆጠረ ወደሚፈልገው ጥልቀት ያስምጠው፣ ከዚያም ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት እያጠነጠነ ጂጉ ጉቶውን እንዲነካ አድርጎ ይሳበው። በነካበት ቅጽበት ማጠንጠኛውን ለዐይን ጥቅሻ ያህል ቢያቆመው ዘርፉ እንደ ጃንጥላ ይከፈታል፤ ብዙ ጊዜ ዓሣው የሚመታው ያኔ ነው። ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ተኩል በታች ከሆነ 7 ግራም ገደማ የሚመዝነው ይበቃል፤ ከሦስት ሜትር በላይ ከሆነ 14 ግራሙ ይሻላል። ሣር ስለሌለ የጭረቶቹን ግማሽ በመቀስ ቢያሳሳ መንጠቆው በቀላሉ ይይዛል። ወፍራሙን የተገመደ ክር ትቶ ከ7 እስከ 9 ኪሎ የሚችል ፍሎሮካርቦን ክር ቢጠቀም ደግሞ በጠራ ውኃ ዓሣው ክሩን በቀላሉ አያይበትም። ንክሻው ሲሰማው በድንጋጤ ዘንጉን አይመንጭቀው፤ ክብደቱ እስኪታወቀው ያጠንጥንና ዘንጉን ወደ ጎን ይሳብ። ቀለምን በተመለከተ ለጠራ ውኃ ነጭ፣ ለደፈረሰ ጥቁርና ሰማያዊ ማለት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚነገረው አብዛኛው ዕቃ ለመሸጥ ነው።

ከመወርወርዎ በፊት ግን እርስዎም ወንድምዎም ጂጉን በሳፋ ውኃ ወይም እግርዎ ሥር ባለው ውኃ ሳብ አድርገው ይመልከቱት። ጎኑን ጥሎ ከሄደ ችግሩ ከእርሳሱ አይደለም፤ የጎማው ዓሣ ጠምሞ ተሰክቷል፣ አውጥተው መሐል ለመሐል መልሰው ይሰኩት።

ወደ ጎርጎራ ስንመለስ፣ ባስን ከጣና አይጠብቁ። ቆሮሶም በአብዛኛው የሚመገበው ዐይን የማይለየውን የውኃ አረንጓዴ ስለሆነ ለጂግ ግድ የለውም፤ አምባዛ ደግሞ ከዐይኑ ይልቅ በማሽተትና በመዳሰስ ስለሚያድን ለእርሱ ትል ይሻለዋል። ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም ከምንጠራቸው ትልልቅ የጣና ዝርያዎች ውስጥ ግን ስምንት ያህሉ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው፤ የእርስዎም ተስፋ እነርሱ ናቸው። እነዚህ እንደ ባስ ከማድፈጥ ይልቅ ምግባቸውን በገላጣው ውኃ እያሳደዱ ስለሚይዙ፣ ከስድስቱ ትንሹን ጂግ መርጠው ትንሽ ፈጠን አድርገው ይሳቡት። እምቦጭ በያዘው ዳርቻ የሚወረውሩ ከሆነ ግን ጭረቶቹን አይቁረጡ፤ የሻጩ ምክር በትክክል የሚሠራው እዚያ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ ገደማ ደግሞ ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ መገጭና ወደ ሌሎቹ ወንዞች አፍ ስለሚሰበሰብ፣ በዚያ ወቅት ከወንዞቹ አፍ ይራቁ።