አስጠኚ ከመያዝሽ በፊት ስለ ሰርተፊኬቱ ጠይቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጣሊያንኛና እንግሊዝኛ አንድ ላይ የሚያስተምር፣ ሲያልቅም ሰርተፊኬት የሚሰጥ የግል አስጠኚ አግኝቻለሁ፤ ለጣሊያን ዜግነት ይሆነኛል ወይ ነው ያልሽው። እኔም ሮም ውስጥ አሮጊት ቤት እያደርኩ እየሠራሁ ነው የተማርኩት። ያለችሽ ዕረፍት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ እንደሆነች አውቃለሁ። እሷንም ገንዘብሽንም እንዳይበሉብሽ።

አንደኛ፣ ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ጠይቂ። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለዜግነት የቢ1፣ ማለትም የመካከለኛ ደረጃ፣ ጣሊያንኛ ማስረጃ ይጠየቃል። እዚህ አገር እውቅና ያለው ትምህርት ቤት ገብተሽ ካልተማርሽ በቀር የሚቀበሉት የአራት ተቋማትን ፈተና ነው፦ የሲዬና የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲን ቺልስ፣ የፔሩጃ የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲን ቼሊ፣ የዳንቴ አሊጊዬሪ ማኅበርን ፕሊዳ፣ የሮማ ትሬ ዩኒቨርሲቲን ፈተና። የአስጠኚ ወረቀት የትም አይገባም።

እኔ ይህን ሳላውቅ በሰዓት 20 ዩሮ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰባት ወር ሙሉ ከፈልኩ። ደምሪው፤ ከ1,100 ዩሮ ያልፋል። መጨረሻ ላይ ማኅተም ያረፈበት፣ ጠርዙ በወርቅ ቀለም ያጌጠ ወረቀት ተሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ማመልከቻ ወደሚሞሉበት ቢሮ ይዤው ሄድኩ። ሴትዮዋ አላነበበችውም። በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ መለሰችልኝና «ኖን ቫሌ» አለችኝ። አይሠራም ማለቷ ነው። ለምን ብዬ ሳልጨርስ ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች። ሁለት ሰዓት ተሰልፌ አንድ ደቂቃ አላናገረችኝም። እስካሁን ያንገበግበኛል። አስጠኚው ጋ ስደውል «ተምራለች አልኩ እንጂ ለዜግነት ይሆናል አላልኩም» አለኝ።

ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የረጅም ጊዜ መኖሪያ ፈቃድ ካለሽ ይህን ማስረጃ ጭራሽ አትጠየቂም። እኔ አልነበረኝም። አንቺ ግን ፈቃድሽን አገላብጠሽ እዪው።

ሁለተኛ፣ ሁለቱን ቋንቋ ባንዴ አትጀምሪ። የእኔ ሐሙስ ጣሊያንኛ፣ እሑድ እንግሊዝኛ ነበር። አንድ ሌሊት ሲኞራዬ፣ የምጦራት አሮጊት፣ «ካልዶ፣ ካልዶ» እያለች ጠራችኝ። እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው የእሑዱ እንግሊዝኛ «ኮልድ»፣ ብርድ፣ ነው። በረዳት ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ብርድ ልብስ ደረብኩላት። ፊቷ ቀልቶ ላብ ሲያጠምቃት ነው የገባኝ። ለካ ካልዶ ሙቀት ነው። ጠዋት ልጇ መጥቶ ጮኸብኝ። የዚያን ቀን ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እንግሊዝኛውን በማግስቱ አቆምኩ። እንግሊዝኛ የፈለግሽበት፣ ለንደን ያለችውን እህትሽን ሄዶ መጠየቅ፣ ይደርሳል፤ መጀመሪያ የምትኖሪበትን ቋንቋ ያዢ።

ሦስተኛው፣ እንዴት እንደተሳካልኝ ልንገርሽ። ቺፒያ የሚሉት የመንግሥት የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገባሁ። ክፍያው ከአስጠኚው ጋር አይወዳደርም። የግል አስጠኚ የያዝኩት ለንግግር ብቻ ነው፤ እዚሁ ያደገች የሐበሻ ልጅ። በመጀመሪያው ቀን የነገረችኝን አልረሳውም። በጣሊያንኛ «ሴቴ» ሲላላ ጥማት ነው፤ ሲጠብቅ ሰባት ነው። «እናንተ እኮ ታውቁታላችሁ» አለችኝ፤ «ገና አልመጣም ስትሉና የገና በዓል ስትሉ አንድ ነው?» ያን ጊዜ በራልኝ። ማጥበቅና ማላላት ፈረንጆቹን ሲያስቸግር እኛ ከናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነው። መኪና፣ ፋብሪካ፣ ቦርሳም ከነሱው የመጡ ቃላት ናቸው። ከባዶ አትነሺም።

ቺልስን በመጀመሪያ ሙከራ አለፍኩ። ሁለተኛ ክፍያ አልከፈልኩም። በንግግሩ ፈተና ስለ ሥራዬ ስጠየቅ ስለ ሲኞራዬ አወራሁ፤ ፈታኟ እየሳቀች ሰማችኝ።

እንግዲህ ሐሙስ ሰውዬውን ስታገኚው መጀመሪያ «ለየትኛው ፈተና ነው የምታዘጋጀኝ?» በይው። ከአራቱ አንዱን በስም ካልጠራልሽ ቀብድ እንዳትሰጪው።