ጥያቄና መልስ፦ ቃል የሌለው ቀልድ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ሥዕል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ጀርመንኛ መማሪያ ውስጥ ያገኙትን የአንድ ወፍራም ራሰ በራ አባትና የልጁን ሥዕል በጣም ወደዱት። ሠዓሊው ማን ነው? እኛስ ጣና ላይ እንዲህ ያለ ቀልድ ብንሥል ከየት እንጀምር? በክረምት ደግሞ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እየተሰራጨ አስቸግሮናል።

መልስ፦ ሠዓሊው ኤሪክ ኦዘር ነው። የብዕር ስሙ «ኢ. ኦ. ፕላውን» ሲሆን ሁለቱ ፊደላት የስሙ መነሻ፣ ፕላውን ያደገበት ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ተወለደ፤ መጀመሪያ የብረታ ብረት ሙያ፣ ኋላም ላይፕዚግ ውስጥ ሥዕል ተማረ። ሂትለርንና የፕሮፓጋንዳ ሹሙን ጎብልስን በካርቱን ይተች ስለነበር ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በስሙ መሥራት ተከለከለ። «አባትና ልጅ» ከ1934 እስከ 1937 በአንድ የበርሊን ሳምንታዊ መጽሔት የወጣው በብዕር ስም የሆነው ለዚህ ነው። የራሱ ልጅ ክርስቲያን የተወለደው በ1931 ነበር። በ1944 ከወዳጁ ከኤሪክ ክናውፍ ጋር አገዛዙን በመንቀፋቸው ተጠቁሞባቸው ታሰሩ። ኦዘር ችሎት ሳይቀርብ እስር ቤት ውስጥ ራሱን አጠፋ፤ ክናውፍ ተገደለ። ትልልቆቹ ተማሪዎች ይህን ቢያውቁ ሥዕሎቹን በሌላ ዓይን ያያሉ።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ መጀመሪያ የሚወሰነው የመጨረሻው ሥዕል ነው። ለምሳሌ አባትና ልጅ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ሆነው ዓሣ ያጠምዳሉ። መንጠቆው ይይዛል፤ አባት ይጎትታል፤ ልጁ አባቱን ወገቡን ይዞ ያግዛል። በአራተኛው ሥዕል ታንኳው ተበትኖ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ናቸው፤ መንጠቆው ላይ አንድ እስር ደንገል ተንጠልጥሏል። የያዙት የገዛ ታንኳቸውን ነበር! እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው መንጠቆውን ገና በመጀመሪያው ሥዕል በማሳየት ነው፤ ያኔ ቀልዱ ሞተ። ክሩ ውሃው ውስጥ ገብቶ ይጥፋ። በአራቱም ሥዕሎች ታንኳውን ከጎን፣ በአንድ ርቀት ሣሉት፤ ተመልካቹ ቦታውን ዳግመኛ እንዳይፈልግ፣ የተለወጠው ነገር ብቻ እንዲታየው። የአባትየው መላጣና ሪዝ፣ የልጁ የቆመ ጸጉር ከሩቅ የሚለዩት በጥላቸው ስለሆነ፣ የእናንተም ሰዎች ሙሉ በሙሉ በጥቁር ቢሞሉ መለየት አለባቸው። አለዚያ ልብሳቸውን ሳይሆን ቅርጻቸውን ቀይሩ።

ቀለሙ የሚሰራጨው ወረቀቱ ስስ ስለሆነና የክረምቱን እርጥበት ስለሚመጥ ነው። 80 ግራሙን (የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው) የኮፒ ወረቀት ለንድፍ ብቻ ተጠቀሙ፤ ለዋናው ከ160 እስከ 200 ግራም፣ ገጹ ለስላሳ የሆነ ወረቀት ይሁን። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ውሃ የማያስለቅቀው ጥቁር ቀለም ይሻላል፤ የመጻፊያ ብዕር ቀለም እርጥብ እጅ ሲነካው ይፈሳል። እርሳሱን በላጲስ የምታጠፉት ቀለሙ በደንብ ሲደርቅ ነው፤ ለክረምት ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ።

ኤ3 ላይ ሥላችሁ ወደ ኤ4 ብታሳንሱ መስመሩ ወደ 71 በመቶ ይቀጥናል፤ 0.3 ሚሊ ሜትር የነበረው 0.2 ይሆንና ፎቶ ኮፒ ላይ ይቆራረጣል። ስለዚህ ለዋናው መስመር 0.5፣ ለደንገሉ ጭረት ቢያንስ 0.4 ያዙ። የሐይቁን ሞገድ በሦስት አራት አጫጭር መስመር ብቻ አሳዩ፤ ውሃውን ሁሉ ከሞላችሁት ታንኳው ይዋጣል።